ሞራ በሆድ፣ ጠጠር በኩላሊት

«ጎኔን ብርድ መታኝ።» «ኩላሊቴን ይወጋኛል።» እንዲህ የሚል ሰው በዳምቦያም፣ በዱራሜም፣ በሆሳዕናም አይታጣም። አንዱ ጋቢ ደርቦ ይተኛል። ሌላው ጎኑን በቅቤ ይታሻል። ሕመሙ በማግስቱ ሲተወው «ብርዱ ወጣልኝ» ብሎ ወደ እርሻው ይሄዳል።

እርግጥ ነው፣ የጎንና የወገብ ሕመም በሥራ ድካምም ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሕመሙን ያመጣው ብርድ አይደለም፤ በኩላሊት ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር ነው። ይህንን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሕመሙ ሲተወው ዳንኩ ይላል። ጠጠሩ ግን ከውስጥ ሆኖ ኩላሊቱን ሊያበላሽበት ይችላል።

ጠጠሩ ከምን ይሠራል? ማንን ይይዛል? በሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ሞራ ከጠጠር ጋር ምን ያገናኘዋል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ኩላሊት ምን ይሠራል?

በመስቀል በዓል በሬ ሲታረድ፣ ወይም በሌላ ጊዜ በግ ሲታረድ፣ ኩላሊቱን ያላየ ገበሬ የለም። የበግ ኩላሊት ቅርጹ ባቄላ ይመስላል። ዙሪያውን በነጭ ሞራ ተሸፍኗል። የሰውም ኩላሊት ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁለት ኩላሊቶች አሉን። የሚገኙትም በጀርባ በኩል፣ ከመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች አጠገብ፣ በአከርካሪያችን ግራና ቀኝ ነው። እያንዳንዱ የጭብጣችንን ያህል ነው።

ኩላሊት የደም ማጣሪያ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን ውስጥ ከደም የሚያጠሉት ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ ሞልቶ እንደ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነው ግን የሰውነትን ቆሻሻ ይዞ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ሽንቱም ከኩላሊት በቀጭን ቧንቧ ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ወደ ውጭ ይወጣል።

ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰዎች ጠጠሩ ከእህል ጋር የተዋጠ ይመስላቸዋል። «በደንብ ያልተለቀመ እህል በልቼ ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከምግብ ጋር የተዋጠ ጠጠር በአንጀት አልፎ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከአንጀት ወደ ኩላሊት የሚወስደው ቀዳዳ የለም። የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው እዚያው ኩላሊት ውስጥ፣ ከሽንት ነው።

እንዴት? አንድ ሙከራ በቤታችሁ ሠርታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በአንድ ስኒ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ። መጀመሪያ ጨው ይሟሟል፤ ዓይን አያየውም። ሌላ ስትጨምሩ እሱም ይሟሟል። በመጨረሻ ውኃው «በቃኝ» ይላል፤ ጨው ከሥር ይቀራል። አሁን ከላይ ያለውን ውኃ በሰሐን ገልብጡና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ጨው እንደገና እየጠነከረ፣ ትንንሽ ድንጋይ እየመሰለ በሰሐኑ ላይ ይታያል።

በሽንታችንም ውስጥ እንዲህ የሚሟሙ ነገሮች አሉ። አንደኛው አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም ነው። ሁለተኛው ኦክሳሌት ይባላል፤ ከቅጠላ ቅጠልና ከሌሎች ምግቦች ይገኛል፤ ሰውነትም ራሱ ይሠራዋል። ሦስተኛው ዩሪክ አሲድ ነው፤ በተለይ ሥጋ ስንበላ ይበዛል። ውኃ በበቂ ከጠጣን እነዚህ ነገሮች ሟሙተው ይወጣሉ። ውኃው ሲያንስ ግን ሽንቱ ይወፍራል፤ ያልሟሟው እየተጣበቀ መጀመሪያ እንደ አሸዋ፣ ቀጥሎ እንደ ጠጠር ይሆናል። ከአሥር ጠጠሮች ስምንት ያህሉ ካልሲየም ያለባቸው ናቸው። ከአሥር አንድ ያህሉ ደግሞ ከዩሪክ አሲድ የተሠራ ነው።

ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ላያም ይችላል። ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ቧንቧ ሲገባ ነው ጉዱ የሚመጣው። ቧንቧው ጠባብ ነው። ጠጠሩ ሲዘጋው ሽንት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ኩላሊቱም ይወጠራል። ያን ጊዜ ሰውየው መቆምም መተኛትም ያቅተዋል። ምጥንም ይህንንም ያዩ እናቶች ሕመሙ ከምጥ አያንስም ይላሉ። ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ጠጠር ብዙውን ጊዜ ራሱ ከሽንት ጋር ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ ባቄላ የሚያህል ጠጠር ግን ያለ ሐኪም እርዳታ የመውጣቱ ነገር አጠራጣሪ ነው።

ጮማና ሞራ

አሁን ወደ ሆድ ስብ እንምጣ። የታረደ ሰንጋ ስናይ ስቡ ሁሉ አንድ ቦታ አይደለም። ከቆዳው ሥርና ከሥጋው ጋር ያለ ጮማ አለ። በጨጓራና በአንጀት ላይ እንደ ነጠላ የተዘረጋ፣ ኩላሊትንም የከበበ ሞራ ደግሞ አለ። በሰውም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው ስቡ በዳሌና በጭኑ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ግን እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ወደ ፊት ይወጣል። ቦርጭ የምንለው ይህ ነው። ከቦርጩ በስተውስጥ ብዙ ሞራ አለ።

ሞራ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስብ አይደለም። ወደ ደም የሚረጫቸው ነገሮች አሉት። እነዚህ ነገሮች ሲበዙ ሰውነት ከቆሽት የሚመነጨውን ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደ ልብ መታዘዝ ያቆማል። ለስኳር በሽታ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ጉዳቱ ግን በስኳር በሽታ ብቻ አያበቃም፤ ኩላሊትም ይነካል።

ጤነኛ ኩላሊት አሞኒያ የተባለ ነገር እየሠራ የሽንትን ኮምጣጣነት ያበርዳል። ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራበት ሰው ኩላሊት ግን ይህንን አሞኒያ እንደሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ሽንቱ ይኮመጥጣል። ሽንት ሲኮመጥጥ ምን ይሆናል? ወተትን አስቡ። ትኩስ ወተት ፈሳሽ ነው። ሲኮመጥጥ ግን ይረጋል፤ ይጓጉላል። ዩሪክ አሲድም ልክ እንደ ወተቱ ባይሆንም በኮምጣጣ ሽንት ውስጥ አይሟሟም፤ ይጠጥራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ክብደቱ የጨመረ ሰው ብዙ ጊዜ ጨውም ሥጋም አብዝቶ ይበላል። ያን ጊዜ ወደ ሽንቱ የሚወጣው ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ ይበዛል። በስኒው ውኃ ላይ ጨው መጨመር ማለት ይኸው ነው።

ይህ እንዲሁ የተባለ ነገር አይደለም፤ ተጠንቷል። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ240000 በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ውጤቱን እንዲህ ብለን እናስረዳ። ክብደታቸው ከ68 ኪሎ በታች ከሆነ ወንዶች መካከል 100 ሰው ጠጠር ቢይዘው፣ በቁጥር እኩል ከሆኑና ከ100 ኪሎ በላይ ከሚመዝኑ ወንዶች መካከል የሚያዙት 144 ያህል ናቸው። በሴቶች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። ክብደት ብቻ ሳይሆን የወገባቸው ዙሪያ የሰፋ ሰዎችም ይበልጥ ተይዘው ተገኝተዋል።

«እኔ ቦርጭ የለኝም»

ይህንን ያነበበ ቀጭን ገበሬ «እንግዲያው እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቦርጭ ያለው ሰው ሁሉ ጠጠር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ቀጭን ሰው አይያዝም ማለትም አይደለም።

አንድ ገበሬ በየካቲት ፀሐይ ከጧት ጀምሮ ሲቆፍር ይውላል። ላቡ ይንጠፈጠፋል። የጠጣው ግን ጧት ሁለት ስኒ ቡና ብቻ ነው። ባለቤቱም እንሰት ስትፍቅ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትሄድ ትውላለች። ገበያ ላይ ሽንት የሚሸናበት ቦታ ስለማይኖር ሆን ብላ አትጠጣም። ማታ የሁለቱም ሽንት ጥቂትና እንደ ሻይ የጠቆረ ይሆናል። እነዚህ ባልና ሚስት ቦርጭ የላቸውም። ሽንታቸው ግን በፀሐይ ላይ እንዳለው የሰሐን ውኃ ነው።

ስለዚህ ወደ ጠጠር የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ የሽንት መወፈር ነው፤ ይህ ውኃ የማይጠጣውን ሁሉ ይመለከታል። ሌላው የሽንት መኮምጠጥ ነው፤ ይህ በተለይ ባለ ቦርጩን ይመለከታል። ቦርጭም ኖሮት ውኃም የማይጠጣ ሰው ደግሞ በሁለቱም መንገድ ይጓዛል።

«ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል!»

በአገራችን «ወፍረሃል» ማለት ምርቃት ነው። ነገሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። እህል በጠፋባቸው ዓመታት የወፈረ ሰው ጎተራው የሞላ ሰው ነበር። ቦርጭም የጌትነት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር።

ዛሬ ግን ኑሮ እየተለወጠ ነው። በከተማ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ በባጃጅ የሚሄድ አለ። ከከምባታና ከሃዲያ ብዙ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። ልጅ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አትድከም፣ ተቀመጥ» ይላል። ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ መከበርም ነው። ነገር ግን አባት መቆፈሩን ትተው እንደ ቆፋሪ ቢበሉ፣ በዚያ ላይ ለስላሳ መጠጥና ቢራ ቢጨመርበት፣ ትርፉ ሆድ ውስጥ ሞራ ሆኖ ይቀመጣል። አባትን ማክበር ማለት ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ጓሮ እንዲመለከቱ፣ ከብት እንዲያግዱ፣ በእግራቸው ገበያ እንዲሄዱ መተውም ክብር ነው።

ሞራችንን እንዴት እንወቀው? በአንዳንድ አካባቢ አዋቂ የተባሉ ሰዎች የታረደ ከብት ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ዘመን እንነግራለን ይላሉ። የራሳችንን ሞራ ለማወቅ ግን አዋቂ አያስፈልግም፤ አንድ ሲባጎ ይበቃል። ሲባጎውን በቁመታችሁ ልክ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ድረስ ለክታችሁ ቁረጡት። ከዚያ ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን በእምብርታችሁ ትይዩ በወገባችሁ ላይ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ መልካም ነው። ካልተገናኘ የሆድ ስባችሁ ከሚገባው በላይ ነው። ይህ ልኬት ነፍሰ ጡር ሴትን አይመለከትም።

ምን እናድርግ?

1ኛ፦ ውኃ እንጠጣ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። ጠጠር እንዳይፈጠር በቀን ሁለት ሊትር ወይም ከዚያ ትንሽ የበለጠ ሽንት ልንሸና ይገባል። ለዚህም ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ መጠጣት ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በፀሐይ የሚሠራ ሰው ከዚህም ይጨምር። ውኃው ንጹሕ ይሁን፤ ካልሆነ ይፈላ። ወደ እርሻ ስንሄድ እንደ መቆፈሪያችን ሁሉ ውኃችንንም እንያዝ። በቂ መጠጣታችንን በምን እናውቃለን? ሽንታችን እንደ ገለባ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ሻይ ከጠቆረ እንጨምር። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም ውኃ ቀንሱ ያላቸው ሰዎች ግን የሐኪማቸውን ምክር ይጠብቁ።

2ኛ፦ ጨው እንቀንስ። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ካልሲየምን አብዝቶ ወደ ሽንት ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብላ ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት ግን አንድ ሰው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ይበላ ነበር። በእኛ አካባቢ ጨው በወጥ ብቻ አይገባም። ቡናው ጨው አለው፤ ዳጣው ጨው አለው። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ሲፈላ ጨውም ሦስት ጊዜ ይገባል። ቡናው ይቅር አይባልም፤ ጨው ግን ሊቀንስ ይችላል።

3ኛ፦ ወተትና አይብ አንተው። «ጠጠሩ ካልሲየም ከሆነ ወተት ልተው» የሚል ሰው አለ። ይህ ስሕተት ነው። ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ወደ ኩላሊት እንዳይደርስ ያደርጋል። ስለዚህ ጎመንን ከአይብ ጋር መብላት የአባቶቻችን ብልሃት ብቻ ሳይሆን ለኩላሊትም ደግ ነው።

4ኛ፦ ሎሚ በውኃ ጨምቀን እንጠጣ። ሎሚ ለአፍ ይኮመጥጣል። በሰውነት ውስጥ ከተዋሐደ በኋላ ግን የሽንትን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ጠጠር እንዳይጣበቅም ይረዳል።

5ኛ፦ ቦርጭን ቀስ በቀስ እንቀንስ። ራስን በረሃብ መቅጣት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ዩሪክ አሲድን ያበዛል። ለስላሳ መጠጥን መተው፣ ቅቤውንና ሥጋውን በልክ መብላት፣ በየቀኑ በእግር መሄድና መሥራት ይበልጣል።

6ኛ፦ «ቢራ ጠጠር ያወርዳል» በሚለው ወሬ አንታለል። አልኮል ያሸናል እንጂ ሰውነትን ያደርቃል። ቢራ ደግሞ ቦርጭ ይጨምራል። ሽንት ለማብዛት ውኃ ይበቃል፤ ርካሽም ነው።

መቼ ወደ ሐኪም?

ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድ ኃይለኛ ሕመም ካለ፣ ሽንት ደም ከቀላቀለ፣ ማስታወክ ካለ፣ የጠጠር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከርም ይቻላል።

አሁን የሚነገረውን ግን ማንም እንዳይረሳ። ከጎን ሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከተከለከለ፣ ነገ አይባልም። የተዘጋው ሽንት መግል ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። መርዙ ወደ ደም ከገባ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲህ ያለ ሕመም ሲሰማት መዘግየት የለባትም። በዚያው ቀን ወደ ዱራሜ ሆስፒታል ወይም ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይኬድ።

ሐኪሙ ሽንትና ደም ይመረምራል፤ በአልትራሳውንድ ጠጠሩን ይፈልጋል። ትንሽ ከሆነ ሕመሙን የሚያስታግሥ መድኃኒት ይሰጣል፤ ጠጠሩ እስኪወጣም ይከታተላል። ትልቅ ከሆነ ግን በመሣሪያ ይሰበራል ወይም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የዩሪክ አሲድ ጠጠር ደግሞ የሽንትን ኮምጣጣነት በሚያበርድ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። በቤት ሳላችሁ ሽንታችሁን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ጠጠሩ ከወጣ አትጣሉት፤ ለሐኪሙ አሳዩት። ከምን እንደ ተሠራ ሲታወቅ ሌላ እንዳይመጣ መከላከል ይቀላል።

የማይታወቅ ሥር መጠጣት ወይም የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ከሱቅ እየገዙ ለብዙ ቀናት መዋጥ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል። ደግሞም ሕመሙ ቆመ ማለት ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም። ጠጠር ቧንቧውን ዘግቶ ሳያም መቆየት ይችላል። ሽንቱ መውጫ ያጣ ኩላሊት ቀስ በቀስ ይሞታል። የሞተ ኩላሊት ደግሞ እንደገና አይነሣም።

አንድ ጊዜ ጠጠር የወጣለት ሰውም ተገላገልኩ ብሎ መዘናጋት የለበትም። ከእነዚህ ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ይያዛሉ። መከላከያው ያው ነው፤ ውኃ፣ ጨው መቀነስ፣ ቦርጭ መቀነስ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ማወቅንና ልማድ መለወጥን ነው። እስቲ ዛሬ ማታ በየቤታችን እንጠያየቅ፤ በዚህ ቤት ዛሬ ማን ስንት ጊዜ ውኃ ጠጣ?

ተወያዩበት

1. በእህል ውስጥ ያለ ጠጠር ቢዋጥ ለምን ወደ ኩላሊት አይደርስም?
2. ቦርጭ የሌለው ገበሬ በምን ምክንያት ጠጠር ሊይዘው ይችላል?
3. በገበያችን ሴቶች ውኃ ጠጥተው መዋል እንዲችሉ ቀበሌው ምን ሊሠራ ይችላል?
4. ከጎን ሕመም ጋር ምን ምልክት ሲታይ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል?